ራዲዮ ዝም ያለበት ሰኞ

ራዲዮ የሚባለውን ፀጉር አስተካካይ በትክክለኛ ስሙ የሚያውቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሚስቱና መታወቂያው። ሌላው ሰው ሁሉ ራዲዮ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት አንድ የቸኮለ ደንበኛ ነው ይባላል። ሰውዬው ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ አርባ ደቂቃ ሙሉ ወሬ ሲሰማ ከቆየ በኋላ «ወንድሜ፣ የዚህ ራዲዮ ማጥፊያው የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ማጥፊያው እስካሁን አልተገኘም፤ ስሙ ግን በዚያው ተለጠፈበት።

ፀጉር ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበር አለው፤ አንዱ መሽከርከር ካቆመ ቆይቷል። ግድግዳውን የሞላ መስታወት፣ ሽቦው በፕላስተር የተጠቀለለ ቶንዶስ፣ በአልኮል የተሞላ ብርጭቆ ውስጥ የቆሙ መቀሶችና ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ተጠጋግተው የሚቀመጡበት አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ራዲዮ እዚህች ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አውርቷል። ለምን ይህን ያህል እንደሚያወራ ሲጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው። «ለደንበኛው ደህንነት ነው» ይላል። «ዝም ካልኩት ይተኛል። ከተኛ አንገቱ ይወድቃል። አንገቱ ሲወድቅ ምላጬ ጆሮው ላይ ነው። እኔ ጆሮ አልሸጥም።»

ሌላም ደንብ ነበረው። ራዲዮ ሥራው ማለቁን የሚያውቀው በመስታወት አይደለም፤ በሳቅ ነው። የተከፋ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ቀልድ ይጀምርለታል፤ ካልሳቀ ሌላ ይጨምርለታል። ሰውዬው ጥርሱን ያሳየ እንደሆነ ፎጣውን ከአንገቱ ላይ መዥረጥ ያደርግና ያራግፈዋል፤ «ቀጣይ!» ይላል። የሳቀ ሰው ለእሱ የዳነ ሰው ነበር። በዚህ ዘዴ ስንት ሰው ግማሽ ሐዘኑን እንደያዘ ከወንበሩ እንደተነሳ የሚያውቅ የለም።

ይህ ሁሉ ሰው የሚስቅለት ራዲዮ አንድ ሰው አቅቶት ነበር። እሷም አንዲት ልጁ ናት።

ልጅቷ ሚጢ ትባላለች፤ ሃያ ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባች በመንፈቋ አንድ ሻንጣ ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች፤ ክፍሏ ገባች፤ በሩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር አለፈ። የምትወጣው ሰው ሲተኛ ወይም ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሥራዋን የምትሠራው ሳሎን ውስጥ ስለሆነ ቤቱ ባዶ የሚሆነው በሳምንት አንዴ፣ እሱም ክርና ዚፕ ለመግዛት ስትወጣ ነው። ሚጢ ከበሩ ወዲያ የምትናገረው ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ «እሺ»፣ «ደህና ነኝ» እና «በኋላ»።

ራዲዮ ያልሞከረው የለም። መከረ። ቆጣ ብሎ አየ፤ አልሆነለትም፣ ቁጣ አይችልበትም። አክስቷን አስመጣ፤ አክስቷ በሩ ላይ ቆማ ሁለት ሰዓት ምክር ሰጥታ፣ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ሻይ ጠጥታ ሄደች። በመጨረሻ ወደ ዋናው ሙያው ተመለሰ። ማታ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ይቆምና ቀልድ ይነግራታል። «ሚጢዬ፣ ዛሬ አንድ መላጣ መጥቶ ምን አለኝ መሰለሽ? ከላይ ብዙ እንዳትቀንስብኝ!» ይልና ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። ከውስጥ ምንም አይሰማም። ትንሽ ጠብቆ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወደ እራቱ ይሄዳል። የመላጣውን ቀልድ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ነግሯታል፤ ምናልባት የመጀመሪያውን አልሰማችው ይሆናል ብሎ።

ለደንበኞቹ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚናገረው። «ሚጢ እንዴት ናት?» ሲሉት «ፈተና ላይ ናት» ይላል፤ ቤት ሆኖ በስልክ ሲጠይቁትም እንደዚያው። ሰባት ወር ሙሉ ፈተና ላይ ነበረች። በሰው ሁሉ ጉዳይ የሚያወራው ሰውዬ በራሱ ቤት ጉዳይ አፉ ተለጉሞ ነበር፤ ይህን ደግሞ ማንም ልብ አላለውም።

አንድ ጠዋት አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ፀጉር ቤቱ ገባች። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር የሚላት፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ የምትሠራ፣ ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ወረቀቱ የሥልጠና ማስታወቂያ ነበር። ጤና ቢሮው ከወጣቶች ጋር የሚውሉ ባለሙያዎችን፣ ማለትም ሹፌሮችን፣ የኳስ አሠልጣኞችን፣ ፀጉር አስተካካዮችን፣ ስለ አእምሮ ጤና፣ ስለ ሱስና ስለ ወጣቶች ድጋፍ ሊያሠለጥን ፈልጓል። ቀኑም ሰኞ ሰኞ ሆኗል፤ ሰኞ ፀጉር ቤቶች ይዘጋሉ። ሥልጠናው አሥራ ሁለት ሰኞ ነው፤ የምስክር ወረቀትም ይሰጥበታል።

ራዲዮ መጀመሪያ ሳቀ። «ሲስተር፣ ሰው ማናገር ልታስተምሩኝ ነው? እኔን? ዓሣን ዋና አስተምሩት እንጂ!»

«ማናገር አይደለም ጋሽ ራዲዮ» አለች ሲስተር። «ማዳመጥ ነው። ዝም ያለ ወጣት እንዴት ሊናገር እንደሚችል ነው የምንማማረው።»

ራዲዮ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለደንበኞቹ «ግድግዳው ላይ የምሰቅላት ወረቀት አማረችኝ» አላቸው። ለሚስቱም እንደዚያው አለ። ሚስቱ ግን የጋብቻ ዘመኗን ሁሉ ሰምታው የኖረች ሴት ናት፤ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ቀና ብላ አየችውና «አደራ፣ ክፍል ውስጥ አትረብሽ» ብቻ አለችው። የገባት ነገር እንዳለ ከአተያይዋ ገባው።

ሥልጠናው የሚሰጠው በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ነበር። ሃያ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ራዲዮ ከአንድ የኳስ አሠልጣኝ አጠገብ ተቀመጠ፤ ቁመቱ በር የሚያህል፣ «ደህና ዋልክ» ሲል እንኳ ከሜዳ ወዲያ ማዶ ላለ ሰው የሚጮኽ የሚመስል ሰው ነው። ሲስተር ሁለቱን አጣመረቻቸው። የመጀመሪያው ልምምድ ቀላል ነበር፤ አንዱ ችግሩን ይናገራል፣ ሌላው ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ሲስተር በስልኳ ሰዓት ያዘች።

አሠልጣኙ «ጉልበቴን ያመኛል፤ መጫወት ካቆምኩ ወዲህ ማን እንደሆንኩ ጠፍቶኛል» ብሎ ጀመረ።

«ጉልበት ነው? ተወው ለኔ!» አለ ራዲዮ። «ሞቅ ያለ ውሃ፣ ጨው፣ ከዚያ...»

«አሥራ አራት ሰከንድ» አለች ሲስተር።

እንደገና ጀመሩ፤ ሃያ ሁለት ሰከንድ። እንደገና፤ አሥራ ዘጠኝ። ተራው ተገለበጠና ራዲዮ ተናጋሪ፣ አሠልጣኙ አዳማጭ ሆነ። አሠልጣኙ ሁለቱን ደቂቃ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጨረሰ፤ ጣልቃ የሚገባበት ቀዳዳ አላገኘም። ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበለት። ራዲዮም አብሮ አጨበጨበ፤ ለራሱ የተጨበጨበ መስሎት።

ሲስተር ግን አልቀለደችበትም። በዕረፍት ሰዓት ሻይ ይዛ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። «ጋሽ ራዲዮ፣ ሰው ዝም ሲል አፉ ባዶ ስለሆነ አይደለም» አለችው። «ሊናገር እያሰናዳ ነው። እርስዎ ሲቀድሙት ያሰናዳውን መልሶ ይውጠዋል።»

ይቺ ነገር ሆዱ ገባች። ያን ሳምንት ቆርጦ ተነሳና ዝምታን ሱቁ ውስጥ ሊለማመድ ወሰነ። ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ አንድ ወጣት መካኒክ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር የማይለቅ ግራሶ ያለበት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ። ራዲዮ ፎጣውን አሠረለት፣ ቶንዶሱን አስነሳ፣ አፉን ግጥም አደረገ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች መተያየት ጀመሩ። አንደኛው «ራዲዮ፣ ደህና ነህ?» አለ። ራዲዮ ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ ደህና አይደለም!» አለ ሌላው፤ ስልኩን አውጥቶም ወደ ሚስቱ ደወለ።

ይሄኔ መካኒኩ በመስታወቱ ውስጥ ወለሉን እያየ፣ ማንም ሳይጠይቀው «ጠዋት ትንሽ ካልቀመስኩ እጄ አይሰክንም» አለ። «ቁልፍ ከእጄ ይወድቃል። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

የራዲዮ ምላስ ላይ ሦስት ቀልድና አንድ ምክር ተሰልፈዋል። ሁሉንም ዋጣቸውና «ከመቼ ጀምሮ?» ብቻ አለ። ልጁ ነገረው። ረጅም ነበር። ሲጨርስ ራዲዮ የሲስተርን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠው፤ «እሷ አትቆጣም» አለው። መካኒኩ ወረቀቱን ኪሱ ሲከት የራዲዮ ሚስት የልብስ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እየሮጠች ገባች። «ምን ሆነ? ወደቀ?»

«ዝም አለ!» አሏት በአንድ ድምፅ።

ያን ዕለት ሱቁ ውስጥ የተሳቀው ሳቅ ሌላ ነበር። ራዲዮ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። እዚህ ከሠራ እዚያም ይሠራል ብሎ አሰበ።

እዚያ ግን ነገሩ በሌላ በኩል መጣ፤ በእጅ ጽሑፉ። ሥልጠናው በየሳምንቱ የቤት ሥራ አለው፤ የቤት ሥራውን ያላሟላ ምስክር ወረቀት አያገኝም። ራዲዮ ትምህርቱን ያቋረጠው ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፉም ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ሲስተር የመጀመሪያውን የቤት ሥራ «ማንበብ አልቻልኩም፤ ይቅርታ» ብላ መለሰችለት። ሚስቱ ትዕዛዝ በዝቶባት ነበር። ስለዚህ ራዲዮ በሚጢ በር ሥር ወረቀቱን ከንጹሕ ወረቀት ጋር አሾልኮ «የኔ እናት፣ ይቺን ብቻ ገልብጪልኝ፤ የአባትሽ መምህር ዓይኗን አመማት» አለ። መልስ አልመጣም። በማግስቱ ጠዋት ግን ከበሩ ሥር ጥርት ባለ ጽሑፍ የተገለበጠ ወረቀት ወጥቶ አገኘ።

በዚህ ዓይነት ቀጠሉ። እሱ ይጭራል፣ ያሾልካል፤ እሷ ትገለብጣለች፣ ታሾልካለች። በሦስተኛው ሳምንት ከወረቀቱ ዳር በእርሳስ «ይሄ ቃል ምንድነው? ሱስ ነው ወይስ ሱቅ?» የሚል ጽሑፍ መጣ። ራዲዮ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ «ሱስ» ብሎ ጻፈና መልሶ አሾለከ። ከሰባት ወር በኋላ ልጁ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። ደስታው ወሰን አጥቶ ሚስቱን ከስፌት መኪናዋ ላይ ጎትቶ አሳያት። በአምስተኛው ሳምንት ደግሞ «ይሄ ልክ አይደለም፤ የተከፋ ሰው ሁልጊዜ አያለቅስም» የሚል መጣ። ራዲዮ አስተካከለ። ሚጢ የምትገለብጠውን እያነበበች እንደሆነ ገባው። የሚገለበጠው ነገር እሷን የሚመለከት መሆኑ ግን ያን ያህል አልገባውም ነበር፤ የራሱን ውጤት ማሰብ ይዞት።

የሰባተኛው ሳምንት ጥያቄ እንዲህ ይላል፤ «ክፍሉን ዘግቶ የማይወጣ ወጣት ቢያጋጥምዎ ምን ያደርጋሉ?» ራዲዮ እስክሪብቶውን አነሳ። ይህን እኔ ካላወቅኩ ማን ሊያውቅ ነው ብሎ በአንድ ትንፋሽ ጻፈው። መጋረጃውን መክፈት፤ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መቀስቀስ፤ ጓደኞቿ የት እንደደረሱ መንገር፤ እስክትስቅ ድረስ ማሳቅ፤ ምን እንደሆነች እስክትናገር ድረስ መጠየቅ። ጥያቄው «ዘግቶ» ብሎ በወንድ ነው የጠየቀው፤ ራዲዮ ግን ሴት አድርጎ እንደጻፈው አላስተዋለም። አሾለከው።

ያን ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ በበሩ ሥር አልወጣም። ራዲዮ ልብሱን ለብሶ፣ ደብተሩን ይዞ ቆሞ ጠበቀ። ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ በሩ በእጅ ስፋት ያህል ተከፈተ፤ ቀጭን እጅ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችውና በሩ መልሶ ተዘጋ። ጣቶቿን ብቻ ነበር ያየው። አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ወረቀቱን ሳይዘረጋ ኪሱ ከቶ ሮጠ፤ ሲስተር ጠረጴዛ ላይ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር አስቀመጠው።

ከዕረፍት በኋላ ሲስተር አንድ ወረቀት አንስታ ቆመች። «ዛሬ የማን እንደሆነ ሳልናገር አንዱን ላነብላችሁ ነው» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሙያ ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን አንብቤ አላውቅም።»

ራዲዮ ወደ አሠልጣኙ ጠጋ ብሎ «ያንተ ነው?» አለው። አሠልጣኙ በጣም ዝቅተኛ በመሰለው ድምፅ «የኔ አይደለም» አለ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

ሲስተር አነበበች።

«መጋረጃውን አትክፈቱ። ብርሃኑን ጠልታ አይደለም፤ ብርሃን ሲገባ ያልሠራችው ነገር ሁሉ ስለሚታያት ነው። የጓደኞቿን ነገር አትንገሯት፤ ታውቀዋለች፤ ፎቷቸውን ከእናንተ በፊት አይታዋለች። ለምን እንዲህ ሆንሽ ብላችሁ አትጠይቁ። ለምን እንደሆነ ብታውቅ ኖሮ ራሷ አስተካክላው ነበር። ምግብ ስታስቀምጡ ዝም ብላችሁ አስቀምጡ። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲወጣም አታጨብጭቡ።»

ራዲዮ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። የጻፈው ሰው ጎበዝ ነው ይላል በልቡ። እኔ መጋረጃ ክፈቱ ብዬ ጻፍኩ፤ ዛሬ ወደቅኩ።

«አንድ ሰው ማታ ማታ በሩ ላይ ቆሞ ቀልድ ይነግረኛል» ብላ ቀጠለች ሲስተር። «የመላጣውን ቀልድ ሦስት ጊዜ ነግሮኛል። ሦስቱንም ጊዜ ስቄያለሁ። ግን ትራስ አፌ ላይ አድርጌ ነው የምስቀው። ሳቄን ከሰማ ዳነች ብሎ እንዳይሄድብኝ እፈራለሁ። ቀልዱ ካለቀ በኋላ ትንሽ ቢቆይልኝ ደስ ይለኛል። ምንም ባይናገርም።»

ራዲዮ መነቀነቁን አቆመ። በዚያ በር ላይ ቆሞ ያለፋቸው ማታዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ መጡበት፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ እራቱ ሲሄድ፣ እሷ ከበሩ ወዲያ ትራሷን ይዛ ስትጠብቀው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሳቀ ሰው ዳነ ብሎ ፎጣ ሲያራግፍ የኖረ ሰው፣ ልጁ ሳቋን የደበቀችው ከእሱ ፎጣ እንደሆነ ገባው። ዓይኑ ሞላ፤ ለመጥረግም አላሰበ።

«የጻፈው ሰው ፈቃደኛ ከሆነ ስለዚህ መልስ ጥቂት ቢለን ደስ ይለኛል» አለች ሲስተር። ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ወደ መሬት ነበር የምታየው።

ራዲዮ ተነሳ። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ሰዓት የያዘ ሰው ባይኖርም ሁለት ደቂቃው ያኔ ነው የሞላው። እንኳን ለሃያ ሰው ለአንድ ሰፈር የሚበቃ ወሬ ያለው ሰውዬ፣ ቃል ፍለጋ ከንፈሩን ይልስ ጀመር። «የማውቃት ልጅ ናት» ቢል ያልፍለት ነበር። መልሱን የራሱ አድርጎ ቢቀመጥም ማንም አይጠይቀውም፤ ከክፍሉ አንደኛ ሊሆን ነው።

«እኔ አልጻፍኩትም» አለ በመጨረሻ። «የልጄ ነው። እንድትገለብጥልኝ ሰጥቻት የራሷን ጻፈች። ለሰው ሁሉ ፈተና ላይ ናት ስል የነበረችው ልጄ። ፈተና ላይ አይደለችም። ቤት ናት። ዘጠኝ ወር ሊሆናት ነው።» ከዚያ ተቀመጠ። አሠልጣኙ ያን የመሰለ ትልቅ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ በሹክሹክታ «ጎበዝ» አለው።

ሥልጠናው ሲያበቃ ሲስተር በር ላይ ጠበቀችው። «ለዛሬው የቤት ሥራ ዜሮ ነው የምሰጥዎ፤ ራስዎ ጽፈው ያምጡ» አለች። «በእጅዎ ጽሑፍ። ዓይኔን ቢያመኝም አነበዋለሁ።» ቀጥላም «ልጅዎ ማነጋገር ከፈለገች እኔ አለሁ። ግን እንዳይጎትቷት። እንዳይለምኗትም። ከፈለገች ነው» አለችው።

አውቶቡስ ላይ ራዲዮ በመስኮቱ ተደግፎ አለቀሰ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ መሐረብ ሰጡትና «አይዞህ ልጄ፣ ማን ሞተብህ?» አሉት። «ማንም አልሞተም እማማ» አለ፤ «እንዲያውም በደህና ነው» ሲል እንባው እንደገና ፈሰሰ። ሴትዮዋ ግራ ቢገባቸው ሁለተኛ መሐረብ ፈለጉለት።

ቤት ሲደርስ ገና ፀሐይ ነበር። ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ናት። ምንም ሳይላት አልፎ የሚጢ በር ጋ ሄደና ወለሉ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

«ሚጢ።»

አፉን ወደ በሩ ሥር አስጠጋ።

«ዜሮ አገኘሁ።»

አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። «ምን አገኘህ?»

«ዜሮ። ከአሥር።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ሚጢ ፀጉሯ በአንድ ወገን ተጨፍልቆ፣ ሹራቧ ወደ ላይ ተሰብስቦ፣ ዓይኖቿ በቁጣ ፈጠው ቆማለች። «እንዴት ዜሮ ትሰጣለች? ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት!»

«ያንቺ አሥር ነው። ከክፍሉ አንደኛ። ዜሮው የኔ ነው፤ እኔ አልጻፍኩትም አልኳቸዋ።»

«አልክ? ማን ፊት?»

«ሃያ ሰው ፊት።»

«የማን ነው አልክ?»

«የልጄ ነው አልኩ። ቤት ናት አልኩ።»

«ፈተና ላይ ናት አላልክም?»

«አላልኩም።»

ወደ ውስጥ ተመለሰችና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ራዲዮ ከወለሉ አልተነሳም። ምላሱ ሊፈነዳ ደርሷል። አምስት ቀልድ፣ የአክስቷ ሰላምታ፣ ሲስተር ያለችው ነገር፣ «ይቅርታ»፣ «ለምን አልነገርሽኝም»፣ ሁሉም እየተገፋፉ ጥርሱ ላይ ደርሰዋል። ከንፈሩን ነክሶ ያዛቸው።

«እሺ፣ አሁን ምን ልትል ነው?» አለች ሚጢ።

«ምንም።»

«አንተ? ምንም?» አለችና ፊቱን አየች። ምን እንደሚመስል እሱ አያውቅም፤ ጉንጩ አብጦ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቶ ነበር ይላሉ። ሚጢ ሳቀች። አፏን ልትሸፍን እጇን አነሳችና ተወችው፤ ሳቁ ቤቱን ሞላው። ሳሎን ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

የራዲዮ እግር በልማዱ ሊነሳ ተንቀሳቀሰ። መዳፉን ወለሉ ላይ ተጭኖ ራሱን ያዘ። ሳቁ ቀነሰ፤ አለቀ። እሱ እዚያው ተቀምጧል። ሚጢ ይሄዳል ብላ ጠበቀች። አልሄደም። ሳሎን ውስጥ እናትየው አንድ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አንስታ ትጠብቃለች። ከዚያ ሚጢ ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም መናገር ጀመረች። እራት እስኪደርስ ድረስ ተናገረች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። ሚጢ ሁለት ሳምንት ቆይታ በራሷ ጊዜ «ሲስተርህ ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?» ብላ ጠየቀች፤ አሁን ሰኞ ሰኞ ሁለቱም አብረው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ደህና የምትሆንበት ቀን አለ፣ በሩ የሚዘጋበትም ቀን አለ። ራዲዮ ሰባተኛውን የቤት ሥራ በገዛ እጁ ጽፎ ስድስት አገኘ፤ ምስክር ወረቀቱንም ለጥቂት ተርፎ ወሰደ። መካኒኩ እጁ እየሰከነ ነው፤ ይህን ለሰው ሁሉ የሚነግረው ራሱ መካኒኩ ነው። ራዲዮም ወሬውን አልተወም፤ ስለ ዜሮው፣ አውቶቡስ ላይ ስላለቀሰው ልቅሶ፣ ስለ ሴትዮዋ ሁለት መሐረብ ለየደንበኛው ይተርካል፤ በየጊዜውም መሐረቡ አንድ አንድ ይጨምራል፤ አሁን አራት ደርሷል።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «ራዲዮ፣ ያን ዕለት ግን ሚጢ ምን አለችህ?» ብሎ ጠየቀው። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ጆሯቸውን ቀጥ አደረጉ። ራዲዮ ቶንዶሱን አጠፋ። ምላጩን አነሳ።

«አገጭህን ቀና አድርግ» አለው፤ ሥራውንም ቀጠለ።